ነርሶችና ተንከባካቢዎች ከውጭ ሲመለመሉ፦ ሕጋዊው መንገድ የቱ ነው? ደላላውስ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ሆዳን በጅቡቲ ከተማ፣ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ በተንጣለለው በባልባላ የምትገኝ ሰፈር ናት። የፈረንሳይ የቅኝ ግዛት አስተዳደር በ1960ዎቹ (እአአ) አጋማሽ በከተማዋ ዙሪያ የሽቦ አጥር ከዘረጋ በኋላ ወደ መሀል ከተማ መግባት የተከለከሉ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ሰፈሩ፤ ባልባላም እንዲህ ተስፋፋች። ዛሬም ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ከሚያርፉባቸው የከተማዋ ክፍሎች አንዷ ናት።

ለእነዚህ ሰዎች ጅቡቲ አንድም መድረሻ፣ አንድም መሸጋገሪያ ናት። ገሚሱ በቤት ሠራተኝነት፣ በግንባታና በወደብ ዙሪያ ሥራ ይቀራል። ገሚሱ ወደ ኦቦክ አምርቶ ባሕር ለመሻገር ይሞክራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በስልክም በአፍም የሚዛመት ሌላ ተስፋ መጥቷል፤ “ሀብታም አገሮች ነርስና የአረጋውያን ተንከባካቢ አጥተዋል፤ ገንዘቡን የከፈለ ይሄዳል” የሚል።

የዚህ ወሬ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ብዙዎችን ለዕዳና ለማጭበርበር የዳረገ ነው። ሁለቱን ለመለየት ምልመላው በምን ሕግ እንደሚመራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሀብታሞቹ አገሮች ለምን ነርስ አጡ?

የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2025 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ያሉት ነርሶች ቁጥር ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። የጎደሉት ደግሞ 5.8 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ክፍተቱ የጎላው በአፍሪካና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቀጠናዎች ቢሆንም፣ በሌላው ዓለም ሠራተኛ ፍለጋ የሚዞሩት በአብዛኛው ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው። በከፍተኛ ገቢ አገሮች ውስጥ ከሚሠሩት አራት ነርሶች አንዷ ገደማ ከሌላ አገር የመጣች ናት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአውሮፓ የአረጋውያን ቁጥር እየጨመረ፣ የወጣቱ ቁጥር እየቀነሰ ሄዷል። አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብና ሌሊት መጠበቅ አድካሚ ሥራ ነው፤ ክፍያውም ዝቅተኛ በመሆኑ የአገሬው ሰው ይሸሸዋል። ነርስ ማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል፤ የሠለጠነች ነርስ ከሌላ አገር ማምጣት ግን ወራት ብቻ ይወስዳል። የማሠልጠኛውን ወጪ የሸፈነው ደግሞ ላኪው አገር ነው።

ጀርመን እአአ ከ2013 ጀምሮ ከተመረጡ አገሮች ጋር በመንግሥታት ስምምነት ነርሶችን ታስመጣለች። ብሪታኒያ ደግሞ እአአ በ2020 ለጤናና ለእንክብካቤ ሠራተኞች የተለየ ቪዛ ከፈተች፤ በ2022 መጀመሪያ ላይም በአረጋውያን መጦሪያዎችና በየቤቱ የሚሠሩ ተንከባካቢዎችን በዚሁ ቪዛ ውስጥ አካተተች።

ኢትዮጵያና ጅቡቲ ያሉበት ዝርዝር

የሀብታሞቹ ጥያቄ የድሆቹን ሆስፒታሎች ባዶ እንዳያስቀር፣ የዓለም ጤና ጉባኤ እአአ በ2010 የጤና ባለሙያዎችን ዓለም አቀፍ ምልመላ የሚመለከት የሥነ ምግባር መመሪያ አጽድቋል። መመሪያው በሕግ አስገዳጅ አይደለም። ሆኖም በእርሱ መሠረት የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረታቸው የከፋና ልዩ ጥበቃ የሚሹ አገሮችን ዝርዝር ያወጣል። እአአ በ2023 በታደሰው ዝርዝር 55 አገሮች ተካተዋል። ኢትዮጵያ አለችበት፤ ጅቡቲም፣ ኤርትራም፣ ሶማሊያም፣ ሱዳንም አሉበት።

ይህ ዝርዝር በብዙዎች ዘንድ በስሕተት ይተረጎማል። ዝርዝሩ “የእነዚህ አገሮች ነርሶች አይሂዱ” አይልም። የመንቀሳቀስ መብት የግለሰቡ ነው። የሚከለከለው አሠሪዎችና ወኪሎቻቸው ወደነዚህ አገሮች ዘልቀው ባለሙያ ማግባባታቸውና መመልመላቸው ነው። ብሪታኒያ ይህን ዝርዝር በራሷ የምልመላ መመሪያ ውስጥ አስገብታለች። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ነርስ ማስታወቂያ አይቶ በራሱ በቀጥታ ለብሪታኒያ ሆስፒታል ማመልከት ይችላል፤ ኤጀንሲ ግን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሊመለምለው አይገባም። በጀርመን ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ነው። በዝርዝሩ ካሉ አገሮች ለጤናና ለእንክብካቤ ሙያ ሠራተኛ መመልመል የሚፈቀደው ለአገሪቱ የፌዴራል የሥራ ስምሪት ተቋም ብቻ ነው፤ ለግል ድርጅቶች የተከለከለ ነው።

ከዚህ ለተራው ሥራ ፈላጊ የሚጠቅም ቁም ነገር ይወጣል። በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ ወይም በጅቡቲ ከተማ ቢሮ ከፍቶ ወይም በስልክ ብቻ “የብሪታኒያ የአረጋውያን መጦሪያ ወክሎኛል፤ የጀርመን ሆስፒታል ልኮኛል” የሚል ግለሰብ ሲያጋጥም፣ እውነተኛ ወኪል ቢሆን እንኳ የላኪውን አገር መመሪያ ወይም ሕግ እየጣሰ ነው። እውነተኛ ካልሆነ ደግሞ አጭበርባሪ ነው። በሁለቱም መንገድ ገንዘብ የሚከፈልበት ሰው አይደለም።

ዝርዝሩ ውስጥ መኖር በሩን ሁሉ አይዘጋም። መንግሥታት በቀጥታ መዋዋል ይችላሉ። ኔፓል በዝርዝሩ ውስጥ ሆና ሳለ ከብሪታኒያ ጋር ተስማምታ ነርሶቿ በመንግሥት በኩል ብቻ እንዲሄዱ አድርጋለች። ኬንያም እአአ በ2021 ተመሳሳይ ስምምነት ፈርማለች። ጋና ደግሞ እአአ በ2020 95 ነርሶችን በመንግሥታት ስምምነት ወደ ባርቤዶስ ልካለች።

የብሪታኒያው በር እንዴት ተዘጋ?

ደላሎች አሁንም የሚሸጡት ዋናው ተስፋ የብሪታኒያ “የኬር ቪዛ” ነው። ይህ በር ግን ተዘግቷል።

ቪዛው ለተንከባካቢዎች ከተከፈተ በኋላ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከእስያና ከአፍሪካ ሄዱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በአገራቸው ለደላላ ከፍተኛ ገንዘብ ከፍለው፣ መሬት ሸጠው ወይም ተበድረው የሄዱ ነበሩ። ሲደርሱ የተባለው ሥራ አልነበረም፤ ቢኖርም የሥራው ሰዓት ከውሉ ያነሰ ነበር። ቪዛው ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ በመሆኑ መጮኽም ፈሩ። የብሪታኒያ መንግሥት እአአ ከ2022 አጋማሽ እስከ 2024 መጨረሻ ከ470 በላይ የእንክብካቤ ድርጅቶችን ፈቃድ መሰረዙን፣ ከእነዚህ ድርጅቶች ጋር የተያያዙ ሠራተኞችም ከ39 ሺህ በላይ መሆናቸውን አስታውቋል።

ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተንከባካቢዎች ቤተሰብ ይዘው እንዳይሄዱ ተከለከለ። ከሐምሌ 15/2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከአገር ውጭ አዲስ ተንከባካቢ መቅጠር ሙሉ በሙሉ ቆመ። ከዚህ ቀን ወዲህ “ለተንከባካቢነት ወደ ብሪታኒያ እልካለሁ” የሚል ሰው የሌለ ነገር እየሸጠ ነው።

የነርስነት በር ክፍት ነው፤ ጠባብ ግን ነው። አመልካቿ በአገሪቱ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት መመዝገብ አለባት። የእንግሊዝኛ ፈተና፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና፣ በመጨረሻም እዚያው ብሪታኒያ የሚሰጥ የተግባር ፈተና ማለፍ ይጠበቅባታል። ሳዑዲ ዓረቢያም የውጭ ነርሶችን በጤና ሙያዎች ኮሚሽኗ በኩል ታስመዘግባለች፤ የትምህርት ማስረጃቸው ከምንጩ ይጣራል፤ ፈተናም ይሰጣቸዋል። ጀርመን ቋንቋዋን በደንብ መቻልን ትጠይቃለች። እነዚህን ደረጃዎች ደላላ በገንዘብ ሊያሳልፋቸው አይችልም።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ መራራ ልምድ አላት። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አገደ። በቀጣዮቹ ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባረረች። እገዳው ጉዞውን አላስቆመውም፤ ከአውሮፕላን ወደ ጀልባ፣ ከኤጀንሲ ወደ ደላላ አዞረው እንጂ። በ2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ።

በመካከሉ የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ያስቀምጣል። የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድንን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ወጪዎች ነው። ኤጀንሲው ለውሉ መፈጸም ከአሠሪው ጋር በአንድነት ይጠየቃል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም የግል ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይወስዱ በመርህ ደረጃ ይከለክላል።

ሌላው ቁልፍ ነጥብ ስምሪት የሚፈቀደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳላት አገር መሆኑ ነው። ዮርዳኖስ፣ ኳታር፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው። ውሉን ማጽደቅና ኤጀንሲዎችን መቆጣጠር የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ኃላፊነት ነው።

“ተንከባካቢ” ወይስ “የቤት ሠራተኛ”?

በውል ላይ አንድ ቃል ብዙ ያወሳስባል። ከኢትዮጵያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱት ሴቶች በአብዛኛው በውላቸው ላይ “የቤት ሠራተኛ” ይባላሉ። ቤቱ ሲገቡ ግን የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንትን መገልበጥ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሕፃናትን ማሳደግ የዕለት ሥራቸው ይሆናል። የእንክብካቤ ሥራ ይሠራሉ፤ የእንክብካቤ ሠራተኛ ደሞዝና ጥበቃ ግን አያገኙም።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ እአአ በ2021 ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ስለዚህ ውሉ ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ፣ ሠራተኛዋ ችግር ሲገጥማት የትኛው ሕግ እንደሚጠብቃት ይወስናል። ከመፈረም በፊት መነበብ ያለበት የመጀመሪያው መስመር እርሱ ነው።

ጅቡቲ፦ ራሷም ባለሙያ ፈላጊ

ጅቡቲ የሌሎች መሸጋገሪያ ብቻ አይደለችም፤ እርሷም ባለሙያ ከውጭ ታስመጣለች። የቻይና የሕክምና ቡድኖች እአአ ከ1981 ጀምሮ በጅቡቲ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ የኩባ ሐኪሞችም እንዲሁ። አገሪቱ የራሷን የሕክምና ትምህርት ቤት የከፈተችው እአአ በ2007 ነው።

ታዲያ ሥራ ያጣች ኢትዮጵያዊት ነርስ ለምን ሆዳን አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ አትቀጠርም? አንዱ እንቅፋት ቋንቋ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሙያው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በጅቡቲ ሆስፒታል የታካሚ ካርድ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ታካሚው የሚናገረው ሶማሊኛ፣ አፋርኛ ወይም ዓረብኛ ነው። በዚህ ምክንያት የተማረችው ሴት ከሙያዋ ውጭ በቤት ሠራተኝነት ልትቀጠር ትችላለች።

ሌላው አማራጭ ባሕሩ ነው፤ ዋጋው ግን ሕይወት ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) በኦቦክ የፍልሰተኞች መርጃ ማዕከል አለው። እአአ በ2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ዳርቻ ሰጥመው ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት በምሥራቃዊው የፍልሰት መስመር የሞቱት ሰዎች በድምሩ 558 መሆናቸውን ድርጅቱ መዝግቧል።

ያልተፈታው ጥያቄ

ዝርዝሩ የታማሚውን ጥቅም ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ በገጠር ጤና ጣቢያ የምትወልድ እናት አዋላጅ እንዳታጣ። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ እውነታ ይህን ስሌት ያወሳስበዋል። አገሪቱ ካለፉት ሁለት አሥርታት ወዲህ የሕክምናና የነርስነት ትምህርት ቤቶችን በፍጥነት አስፋፍታለች። የተመረቁትን ሁሉ የሚቀጥር በጀት ግን አልተከተለም። እጥረትና ሥራ አጥነት በአንድ አገር፣ በአንድ ሙያ ጎን ለጎን ይታያሉ። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. የደሞዝ ጭማሪ ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታስረዋል። በወቅቱ የብዙ ሐኪሞች ወርኃዊ ደሞዝ ከ100 ዶላር በታች ነበር።

ቤት የተቀመጠች ነርስ በዝርዝሩ ምክንያት አገር ውስጥ ብትቀር ታማሚው አይጠቀምም። ሥራ ላይ ያለችው ልምድ ያላት ነርስ ብትሄድ ግን ክፍሉ ባዶ ይቀራል፤ መልማዮች ደግሞ የሚመርጡት እርሷን ነው። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የመንግሥታት ስምምነቶች የላኪውን አገር የሥራ ገበያ ጥናት መሠረት አድርገው እንዲፈረሙ፣ ተቀባዩም ለላኪው የጤና ሥርዓት ተመጣጣኝ ጥቅም እንዲሰጥ የሚመክረው።

እንዲህ ያለ ስምምነት እስኪኖር ድረስ ሥራ ፈላጊው በራሱ ሊያጣራ የሚችላቸው አራት ነገሮች አሉ። ኤጀንሲው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተመዘገበ ነው? የሚሄድበት አገር ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት አለው? በውሉ የተጻፈው የሥራ መደብ በአፍ ከተነገረው ጋር አንድ ነው? ቪዛና ትኬት እንዲከፍል የተጠየቀው ማን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ “ሠራተኛው” ከሆነ፣ የቀሩትን ሦስቱን መጠየቅ አያስፈልግም።