በአምባ ስለ ተከለሉ አራዊት

ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የደረሰ መንገደኛ፥ በአንድ ወገን የእስጢፋኖስን ገዳም ያቀፈውን ውኃ፥ በሌላ ወገን ደግሞ የአምባሰልን ገደላ ገደል ያያል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት በዚያ ገዳም መምህር ሆነው በተቀመጡ ጊዜ፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ለትምህርት ወደ እርሳቸው በመጡ ጊዜ፥ ቦታው ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበረ። ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተያይዟል።

ከፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1520 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ውኃ አጠገብ አልፎ ነበርና፥ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ነገር መዝግቧል። አንደኛው፥ የአገሩ ሰዎች ጉማሬ የሚሉት ታላቅ አውሬ በውኃው ውስጥ መኖሩን፤ ሁለተኛው፥ ቅርፊት የሌለው፥ ራሱም እጅግ አስቀያሚ የሆነ ትልቅ ዓሣ መገኘቱን ነው። ዓሣው አምባዛ እንደ ሆነ ለሐይቅ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ እርሱ ዛሬም በመረብ ይያዛል። ጉማሬው ግን ከሐይቅ ውኃ ጠፍቷል።

ጉማሬ በጣናም በአዋሽም አለና፥ የሐይቁ ቢጠፋ ዘሩ ከምድር ጠፋ አይባልም፤ ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ነገር ግን በዓለም ሁሉ ከኢትዮጵያ በቀር መኖሪያ የሌላቸው አራዊት አሉ። እነዚህ ከጠፉ ከየትም አምጥቶ መተካት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የእነርሱ ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ በባሕር መካከል እንደ ቆመ ደሴት ነው። በአፍሪቃ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው መሬት አብላጫው በእኛ አገር ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ የአፋር፥ የኦጋዴንና የሱዳን ቆላ ይከበዋል። ብርድ የለመደ እንስሳ ይህን የጋለ ምድር ተሻግሮ ወደ ሌላ ደጋ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ በዘመን ብዛት ከዘመዶቹ ተለይቶ፥ ለብቻው ተዋልዶ፥ በመልክም በጠባይም ሌላ ሆነ። ይህን ለመረዳት በአምባሰል የሚገኘውን የግሸንን አምባ ማሰብ ይበቃል። የነገሥታት ልጆች በዚያ አምባ ላይ እንዳይወርዱ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር፤ ይህም ልማድ የኢማም አሕመድ ጭፍሮች አምባውን በ1540 እስከያዙበት ጊዜ ድረስ ቆይቷል። የደጋ አራዊትም እንዲሁ የተከለሉ ናቸው፤ የእነርሱ ዘብ ግን የቆላው ሙቀት ነው።

ከአጥቢዎች ወገን ብቻ ከ30 የሚበልጡ ዓይነቶች የዚህ አገር ብቻ ሆነው ተቈጥረዋል። ዋልያ በስሜን ተራራ ላይ ብቻ ይኖራል። በ103ኛው መዝሙር ከተራራ ጋር የሚነሣው ኀየል በዕብራይስጡ የተራራ ፍየል ነው፤ ዋልያም ከዚሁ ወገን ነው። የደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ይገኛል፤ አውሮጳውያን ይህን እንስሳ በ1908 «ተገኘ» ብለው ጽፈዋል፤ ለባሌና ለአርሲ ሰው ግን ከቅድመ አያት ጀምሮ የታወቀ ነበር። ወደ ወሎ ሲመጣ ግን ከሁሉ ይልቅ ነገር የሚያስነሡት ሁለት ናቸው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ።

ጭላዳን ብዙ ሰው ከዝንጀሮ ጋር አንድ አድርጎ ይቈጥረዋል። ጀርመናዊው ሊቅ ሩፔል በ1835 ለሳይንስ ሰዎች ሲያስታውቀው ስሙን ከአገሬው አጠራር ወሰደ፤ ስለዚህ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠራው በእኛው ቃል ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ገላጣ ስፍራ አለው፤ ወንዱ እስከ ወገቡ የሚወርድ ጎፈር ለብሶ ሲቀመጥ ካባ የደረበ ሹም ይመስላል። ከሌላው የዝንጀሮ ወገን የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ምግቡ ነው። እንደ በግ ሣር ይበላል። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ጣቶች ሣሩን አንድ በአንድ እየነጨ፥ እየዘለለም ሳይሆን በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሜዳውን ሲግጥ ይውላል። በመላው ዓለም እንዲህ በግጦሽ የሚኖር የዝንጀሮ ወገን እርሱ ብቻ ቀርቷል። ጥንት ግን ዘመዶቹ ሰፊ አገር ነበራቸው፤ ከደቡብ አፍሪቃ እስከ ህንድ አገር ድረስ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንታቸው ተቈፍሮ ተገኝቷል። ከዚያ ሁሉ ነገድ የተረፈው በኢትዮጵያ ገደል ላይ ያለው ነው።

ሌሊቱን በገደል ግንብ ላይ ያድራል፤ በዚያ ነብርም ጅብም አይደርስበትም። ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። አንድ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከግልገሎቻቸው ጋር አንድ ቤተሰብ ይሆናል፤ ብዙ ቤተሰቦችም ተሰብስበው አንዳንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቈጠር መንጋ ይሆናሉ። እንግዲህ ለኑሮው ሁለት ነገር በአንድ ስፍራ ያስፈልጉታል፤ የሚያድርበት ገደል፥ ከገደሉም አፋፍ የሚግጠው ሣር። ገደሉን ማንም አይወስድበትም። ሣሩ ግን በየዓመቱ እየታረሰ ይሄዳል።

ክርክሩም የሚነሣው ከዚህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ገብሱ ሲደርስ ጭላዳ ከአፋፉ ወጥቶ ማሳ ይገባል፤ ልጆችም ከትምህርታቸው ቀርተው ወንጭፍ ይዘው ሲጠብቁ ይውላሉ። ገበሬው አቤቱታውን ይዞ ወደ ወረዳ ሲመጣ ሐሰት አልተናገረም፤ ሰብሉ በእውነት ተበልቷል። ነገር ግን ማሳው ከጥቂት ዘመን በፊት የግጦሽ ሜዳ ነበረ፤ ጭላዳውም ከአያቶቹ ጀምሮ የሚሰማራበት ስፍራ ነው። ገበሬው ወደ ገደሉ አፍ የገፋው መሬት ስለ ጠበበው ነው እንጂ አውሬውን ጠልቶ አይደለም። ስለዚህ አቤቱታው የቀረበለት ሹም «ግደሉት» ወይም «ተዉት» ብሎ በአንድ ቃል ቢያሰናብት ፈረደ አይባልም፤ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ከአፋፉ ምን ያህል ሣር ሳይታረስ እንደ ቀረ ነው።

ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ወገኑ ከተኵላ ነው። ቅድመ አያቶቹ በጥንት ዘመን ከእስያና ከአውሮጳ ምድር ተሻግረው የመጡ ተኵላዎች እንደ ነበሩ ሊቃውንት ይናገራሉ። በዚህ ደጋ ላይ ከሰፈረ በኋላ በግ ማሳደዱን ትቶ የአይጥና የፍልፈል አዳኝ ሆነ፤ አፉም ለዚሁ የተመቸ ቀጭንና ረዥም ነው። በዓለም ያለው ጠቅላላ ቍጥር 500 ገደማ ነው፤ ከዚህም ከእኩሌታው በላይ በባሌ ነው። የቀረው በስሜን፥ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ደጋዎች፥ በመንዝና በአርሲ ተበታትኖ ይገኛል። በደቡብ ወሎ የሚታወቀው መጠጊያው የቦረና ሳይንት ፓርክ ነው። በጎጃም በጮቄ ተራራ፥ በሸዋም በጎሽ ሜዳ ቀድሞ ነበረ፤ ከሁለቱም ጠፍቷል።

የሚያጠፋው የእርሻው መስፋት ብቻ አይደለም። እረኛን ተከትሎ ወደ ደጋው የሚወጣው ውሻ የእብደት በሽታ ይዞ ይወጣል። በባሌ በ1991፥ በ2003ና ከዚያም በኋላ ይህ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በ2018 በሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ ማደል ተጀመረ፤ ሥራው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የሰውን ልጅም የሚገድል በሽታ ነውና፥ አስቀድሞ የመንደሩ ውሻ ቢከተብ ሕዝቡም አውሬውም ይተርፋል።

ስለ ሁለቱ አራዊት አንድ የሚያስደንቅ ነገር በመንዝ በጓሣ ሜዳ ታይቷል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተመላለሰ ያድናል፤ ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፥ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። መርማሪዎች ቈጥረው እንደ ጻፉት፥ በመንጋው መካከል ሲሆን ከሦስት ሙከራ በሁለቱ አይጥ ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት በአንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ጭላዳ ቢጠፋ የቀበሮውም ማዕድ ይቀንሳል ማለት ነው።

ጓሣ ከተነሣ ዘንድ፥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ያ ሜዳ እስከ ዛሬ እንዴት እንደ ቆየ ሹማምንትም ካህናትም ቢያውቁት ይጠቅማል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ባለ ርስቶች ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ ደብሮችም የየድርሻቸው ተጠባባቂ ነበሩ። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሣ ሣር ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ አጫጁም ከብቱም አይገባም፤ የተወሰነው ጊዜ ሲደርስ ብቻ ይከፈታል፤ ሥርዓቱን ያፈረሰም ይቀጣል። ሰዎቹ የጠበቁት ሣራቸውን ነበር፤ ሣሩ ሲጠበቅ ግን ቀበሮውም ጭላዳውም አብረው ተጠበቁ። በ1975 የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ርስቱ ቀረ፥ ቀሮውም ከርስቱ ጋር ፈረሰ፤ ሜዳውም ለማንም የተከፈተ ሆኖ ብዙ ተጎዳ። በኋላ ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው በአዲስ መልክ ማኅበር አቁመው መልሰው ዘጉት። በየአጥቢያው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቀረው ደንም ከዚህ ጋር የሚዘመድ ነው፤ በብዙ የወሎ ደጋ ላይ የአገር ዛፍ ቆሞ የሚታየው በዚያ ቅጥር ብቻ ነውና።

አውሬን በአንድ ስፍራ ብቻ ማስቀረት ምን ያህል አደጋ እንዳለው የቻይና አገር ታሪክ ያሳያል። በዚያ አገር ብቻ የሚኖር ሚሉ የሚባል አጋዘን ነበረ። በዱር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት፥ በፔኪንግ አጠገብ በንጉሠ ነገሥቱ የአደን ቅጥር ውስጥ ብቻ ቀርቶ ሳለ፥ ፈረንሳዊው ቄስ አርማን ዳቪድ በ1865 በግንቡ ላይ አሻግሮ አየው። ከዚያም ጥቂቶቹ ወደ አውሮጳ ተላኩ። በ1895 ወንዝ ሞልቶ ግንቡን አፈረሰ፤ ያመለጡትን ረሃብተኛ ሕዝብ በላቸው፤ የተረፉትንም በ1900 በተነሣው ሁከት ወታደሮች ጨረሷቸው። የእንግሊዝ መስፍን የቤድፎርድ ዱክ በየአውሮጳው መናፈሻ የቀሩትን ለቃቅሞ በርስቱ ላይ ባያረባቸው ኖሮ ዘሩ ባልተገኘ ነበር። በ1985 ከእነዚያው ልጆች ወደ ቻይና ተመለሱ። የእኛ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ግን እንዲህ በባዕድ አገር የተቀመጠ ዘር የላቸውም።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ። በጣና 15 ዓይነት የሚሆኑ፥ ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው ትልልቅ ዓሦች አሉ፤ ሁሉም በዚያው በጣና ከአንድ ዘር ተለያይተው የወጡ ናቸው፤ አብዛኞቹም በሌላ ውኃ አይገኙም። ይህን የሚመስል ሌላ የዓሣ ነገድ በእስያ፥ በፊሊፒን ደሴቶች፥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ነበረ። በዚያ ሰዎች ለጥቅም ብለው የሌላ አገር ዓሣ ጨመሩበት፤ መረቡም በዛ፤ በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር የዚያን ሐይቅ 15 ዓይነት ዓሦች ከምድር የጠፉ ናቸው ብሎ ጻፈ። የጣናዎቹ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የመሳሰሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ አጥማጁም ጊዜውን ያውቃልና በወንዙ አፍ መረብ ይዘረጋል። ከ1990 ወዲህ ቍጥራቸው በብርቱ ቀንሷል። በመራቢያ ወራት የወንዙን አፍ መዝጋት ለአንድ አስተዳዳሪ የሚከብድ ትእዛዝ አይደለም።

በሐይቅም በ1978 ቆሮሶ ተጨመረበት። ቆሮሶ በጣናና በሌሎች የአገራችን ሐይቆች የሚኖር ነው እንጂ ባዕድ አይደለም፤ ለሐይቅ ውኃ ግን እንግዳ ነበረ። ብዙ ቤተሰብ አበላ፥ ለወጣቱም ሥራ ሆነ፤ ይህ አይካድም። ሆኖም መርማሪዎች ኋላ በተመለከቱት ጊዜ፥ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ፥ አልጌን የሚበሉ ደቃቅ የውኃ ፍጥረቶች ጠፍተው፥ አልጌው በዝቶ፥ ቀድሞ ጠልቆ ይታይ የነበረው ውኃ ደፍርሶ አገኙት። ዓሣውን የጨመሩት ሰዎች ለሕዝብ በጎ አሳቢዎች ነበሩ፤ በውኃው ውስጥ አስቀድሞ ማን እንደሚኖር የቈጠረ ግን አልነበረም። ከሐይቅ በላይ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ውኃው በሞላ ጊዜ በአንከርከሃ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳልና፥ ወደፊት በአርዲቦ የሚጨመር ዓሣ ቢኖር ወደ ሐይቅ የሚያወርደው መንገድ የተከፈተ ነው።