የረጋው ሲቀጥን፦ በስፐርም ገጽ ላይ የሚገናኙ ፕሮቲኖች

በመካነ ሰላምም ሆነ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ልጅ ሲዘገይ ጠበሉንም ሐኪም ቤቱንም የምታዳርሰው ብዙውን ጊዜ ሚስት ናት። ልጅ ማግኘት ካቃታቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ግን የችግሩ ምክንያት፣ በከፊልም ቢሆን፣ ከወንዱ በኩል ነው። የባልን የዘር ፈሳሽ ሳይመረምሩ ሴቲቱን ብቻ ማመላለስ በደል ነው።

ፈሳሹ ስፐርም ማጓጓዣ ብቻ አይደለም። ስፐርሙ ራሱ ከጠቅላላ መጠኑ ከ5 በመቶ አይበልጥም፤ አብዛኛው ከሽንት ፊኛ ጀርባ ካሉ ሁለት ዕጢዎች ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2006 ፒልች እና ማን የተባሉ ተመራማሪዎች በውስጡ 923 ፕሮቲኖች ለይተዋል። ከሁሉ የሚበዛው ሴሚኖጀሊን ነው፤ ፈሳሹ እንደወጣ እንደ እርጎ የሚረጋው በእሱ ነው። ስለዚህም የላቦራቶሪ ባለሙያው ናሙናውን ተቀብሎ ወዲያው አይቆጥርም። ሰዓቱን ይጽፋል፣ እስኪቀጥን ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ60 ደቂቃ በላይ ከቆየ ያንንም ይመዘግባል።

በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ይከናወናል። በስፐርሙ ገጽ ላይ ኢፒን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ክላስተሪንና ላክቶፌሪን ከሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተያይዞ ይገኛል። ሴሚኖጀሊን መጥቶ ኢፒን ላይ ሲጣበቅ ስፐርሙ መዋኘቱን ያቆማል። የሚያላቅቀው ከፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጨው ፒኤስኤ የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ስሙን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ ነው። ፒኤስኤን ሥራ አስፈትቶ ያቆየው ዚንክ ሲሆን፣ ሴሚኖጀሊን ዚንኩን ወደ ራሱ ሲስብ ፒኤስኤ ይነቃና ሴሚኖጀሊንን ራሱን ይቆራርጠዋል። ተቆራጩ ቆራጩን መቀስቀሱ ከሁሉ ይገርመኛል። ፈሳሹ ይቀጥናል፤ ስፐርሙም ይዋኛል።

ኢፒን ሲያዝ ስፐርሙ ስለሚቆም፣ እዚህ ላይ ወንዶች የሚወስዱት የወሊድ መከላከያ ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪው ኦራንድና ባልደረቦቹ ወንድ ጦጣዎችን በኢፒን ከተቡ፤ ከ9ኙ 7ቱ በቂ ፀረ እንግዳ አካል አመረቱ፣ ሰባቱም ማስረገዝ አልቻሉም። ክትባቱ ሲቋረጥ 5ቱ ተመልሰው ማስረገዝ ቻሉ። ሌሎቹ ሁለቱ አለመመለሳቸው ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስፐርሙ መዋኘት ከጀመረ ወዲያ ያለው መንገድ የሌሎች ፕሮቲኖች ነው፤ ለምሳሌ ስፐርሙን ከእንቁላሉ ጋር የሚያገናኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀው ኢዙሞ።

በአገራችን፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የመሐንነት ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ጀምሯል። በመደበኛ ምርመራ እነዚህ ፕሮቲኖች አንድ በአንድ አይለኩም። የሥራቸው ውጤት፣ የፈሳሹ መቅጠንና የስፐርሙ መዋኘት ግን፣ ማይክሮስኮፕ፣ ሰዓትና የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት ሁሉ ይታያል፤ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።