በብረት ያልተሠራችው «ባለ ብረት ጎን»

ከመድፍ የተተኮሰ የብረት አሎሎ የእንጨት ግድግዳ ሲመታ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? «እንጨቱ ይበሳላ!» ትሉ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ልክ ናችሁ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1812 ግን ሌላ ነገር ታየ። አሜሪካና ብሪታንያ ጦርነት ላይ ነበሩ። «ኮንስቲትዩሽን» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ አትላንቲክ ላይ ከብሪታንያዋ «ጌሪየር» ጋር ተገናኘች። እንደሚባለው፣ ከብሪታንያ አሎሎዎች አንዳንዶቹ ጎኗን መትተው ነጥረው ባሕር ውስጥ ሲወድቁ ያየ መርከበኛ «ጎኗ ብረት ነው!» ብሎ ጮኸ። ቅጽል ስሟም «ባለ ብረት ጎን» ሆኖ ቀረ። ጎኗ ግን እንጨት ነው። ታዲያ እንዴት?

ኮንስቲትዩሽን ፍሪጌት ናት፤ ማለትም በሸራ የምትሄድ፣ ባለ ሦስት ምሰሶ ፈጣን የጦር መርከብ። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1794 ስድስት ፍሪጌቶች እንዲሠሩ ወሰነ። አገሪቱ በመርከብ ብዛት ከብሪታንያ ጋር መወዳደር አትችልም። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ጆሹዋ ሃምፍሪስ ከሌሎች ፍሪጌቶች የጠነከሩ፣ ከግዙፎቹ የጦር መርከቦች ደግሞ የፈጠኑ መርከቦችን አሰበ። ኮንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. በ1797 ቦስተን ላይ ባሕር ገባች።

የመጀመሪያው ምስጢር እንጨቱ ነው። የጎን አጥንቶቿ የተሠሩት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጆርጂያ ከሚበቅል «ላይቭ ኦክ» ከሚባል ዛፍ ነው። ይሄ እንጨት በጣም እምቅ ከመሆኑ የተነሣ ገና እንደተቆረጠ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ይሰምጣል! አጥንቶቹ እጅብ ብለው ተደረደሩ፤ በውጭም በውስጥም በነጭ ኦክ ሳንቃ ተሸፈኑ። ውፍረቱ ሲደመር ግማሽ ሜትር ያህል ነው።

ግን ሁሉንም ያደረገው እንጨቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኮንስቲትዩሽን ዋና መድፎች 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አሎሎ ሲተኩሱ፣ የጌሪየር 8 ኪሎ ገደማ ነበር። ጌሪየር ምሰሶዎቿን አጥታ ተማረከች። ጉዳቷ ስለበዛም በማግስቱ አቃጠሏት። ከኮንስቲትዩሽን በኩልም 7 ሰዎች ሞተዋል።

ወፍራም እንጨት ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ክብደት። የመርከብ መሐሉ ሰፊ ስለሆነ ውሃው በደንብ ይሸከመዋል። ጫፎቹ ግን ቀጭን ናቸው፤ ውሃው ብዙም አይደግፋቸውም። ስለዚህ ጫፎቹ እየዘቀዘቁ፣ ከታች ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ግንድ፣ ኪል የሚባለው፣ እንደ ቀስት ይጎብጣል።

ሃምፍሪስ መላ ዘየደ፤ ከኪሉ ተነሥተው በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጡ ወፋፍራም ግንዶች አስገባ። ለምን በሰያፍ? አራት እንጨቶችን በአራት ምስማር አያይዛችሁ አራት ማዕዘን ሥሩና ጥጉን ግፉት። ይጣመማል አይደል? አሁን አንድ እንጨት ከጥግ እስከ ጥግ ምቱበት። አልነቃነቅም ይላል! የእንጨት በር ጀርባ ላይ በሰያፍ የምትመታዋ እንጨትም ሥራዋ ይኸው ነው።

መርከቧ ከዚያ በኋላ ብዙ አገለገለች፤ በ1850ዎቹ የባሪያ ንግድ መርከቦችን ለመያዝ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ቃኝታለች፤ የባሕር ኃይል ተማሪዎች ማሠልጠኛም ሆናለች። በመሐል ግን በጥገና ጊዜ እነዚያ ሰያፍ ግንዶች ተነቀሉ። ኪሏ ቀስ በቀስ ጎበጠ፤ ጉብጠቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር አለፈ። በ1990ዎቹ ጠጋኞች ወደ ሃምፍሪስ ሐሳብ ተመልሰው ሰያፎቹን እንደገና ገጠሙላት። እ.ኤ.አ. በ1997 ከ116 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ሸራ ቀዘፈች።

ዛሬም ቦስተን ወደብ ላይ አለች፤ የባሕር ኃይሉ አባል እንደሆነች። ቦስተን የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ ሄዳችሁ እዩዋት።