በኮሌጅ ግቢ ስለሚደረግ የምድር መናወጥ ጥንቃቄ

ምድር ስትናወጥ ሰውን የሚጎዳው የሚፈርሰው ግንብ ብቻ አይደለም፤ ሽሽቱም ይጎዳል። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ. ም. በሐዋሳ አካባቢ የደረሰው መናወጥ መጠኑ ከ5 በታች ነበር። ይህን የሚያህል ኃይል በደንብ የተሠራን ሕንፃ አይጥልም። ሆኖም በዩኒቨርሲቲው የነበሩ ተማሪዎች ደንግጠው ለመውጣት ሲጋፉ ተጎዱ። የጥንቃቄ ልምምድ ዋና ጥቅም ተማሪው የማይሮጥበትን ጊዜ እንዲያውቅ ማድረጉ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ከፍተኛ ትምህርት እንግዳ አይደለም። የቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ነበረው፤ መሪውም ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ግንቦት 1953 ዓ. ም. በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ ማጀቴ ፈረሰች፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ተሰነጣጠቀ። አባ ጉዋን የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የምድር መናወጥ ታሪክ ሰብስበው በ1979 እ. ኤ. አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ከብቸናና ከሞጣ የመጣ ተማሪ ይህን ሰምቶ «ይህ የስምጥ ሸለቆ ጣጣ ነው» ቢል አይፈረድበትም። በሞጣ በኩል ያለው የዓባይ ድልድይ፥ ሰባራ ድልድይ የሚባለው፥ በጣልያን ወረራ ዘመን የተሰበረው በሰው እጅ እንጂ በምድር መናወጥ አይደለም። በእርግጥም የጎጃም ደጋ ከስምጥ ሸለቆው ይልቅ የረጋ ነው። ነገር ግን የጎጃም ልጅ ትምህርቱን በአዳማ ወይም በሐዋሳ ሊከታተል ይችላል፤ ሞገዱም በክፍለ ሀገር ወሰን አይቆምም። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ. ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው፥ መጠኑ 6 የሆነው መናወጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

መናወጡ ከምንጩ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሞገድ በምድር ውስጥ ይጓዛል። የመጀመሪያው ፈጣን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ዘግይቶ ይደርሳል፥ ሕንፃውንም ወደ ጎን የሚያወዛውዘው እርሱ ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 12 ሰከንድ ያህል ነው። እንግዲህ በአራተኛ ፎቅ ያለ ተማሪ የመጀመሪያው ንዝረት ሲሰማው ሮጦ ቢነሣ፥ ብርቱው ሞገድ የሚያገኘው በደረጃው መካከል ይሆናል። ምንጩ ቅርብ ከሆነ ያችንም ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ በፎቅ ላይ ያለ ሰው ከመስኮትና ከመጻሕፍት መደርደሪያ ርቆ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይንበርከክ፤ አንገቱን ይሸፍን፤ የጠረጴዛውንም እግር ይያዝ። በአልጋ ላይ ያለም ራሱን በትራስ ሸፍኖ እዚያው ይቆይ። ይህ ደንብ ለሁሉም ቤት አይሠራም። በድንጋይና በጭቃ በተገነባ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፥ በር አጠገብ ያለ ሰው ቶሎ ወደ ሜዳ ቢወጣ ይሻለዋል፤ እንዲህ ያለው ግንብ የጎን ግፊትን አይችልምና። በእንጨት የተማገረ የጭቃ ቤት ግን ከዚህ ይልቅ ይለመጣል።

በጃፓን በ1923 እ. ኤ. አ. መስከረም 1 ቀን የደረሰው የካንቶ መናወጥ መታሰቢያ በየዓመቱ ልምምድ ይደረግበታል። ያን ጊዜ እሳቱ ከመናወጡ የበለጠ ሰው ገድሏል፤ ምሳ የሚበስልበት ሰዓት ነበርና። ለእኛም የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራውና የተማሪዎች ማእድ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ መታሰብ አለባቸው፤ ጋዙንና መብራቱን የሚዘጋው ሰው በስም ይታወቅ።

ልምምዱ በቀን ብቻ ከተደረገ ግማሹ ቀርቷል። በሌሊት፥ መብራት ጠፍቶ፥ የማደሪያው በር ተቆልፎ ሳለ ይሞከር፤ ቁልፉ በዘበኛው ኪስ መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። መናወጡ ሲያቆም ሁሉም በደረጃ ዳር ዳሩን ወርዶ ከሕንፃና ከመብራት ሽቦ የራቀ ሜዳ ላይ ይሰብሰብ፤ የየክፍሉ ተጠሪም ስም እየጠራ ይቍጠር። ማየት ወይም መራመድ ለማይችለው ጓደኛ ረዳቱ አስቀድሞ ይመደብለት። ተከታይ መናወጥ ስለሚኖር፥ ሕንፃው በመሐንዲስ ሳይታይ ለመጽሐፍም ሆነ ለኮት ተመልሶ የሚገባ አይኑር።