የካሉብ ጋዝና የአርሲ ዳገት

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ በካሉብ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረት መጀመሩ ከተበሠረ ወዲህ፣ የአሰላ ባለመኪኖች «ለእኛስ ይበጃልን?» እያሉ ይጠይቁኛልና፣ የሞተር ባለሙያ እንደ መሆኔ ነገሩን እገልጥ ዘንድ ወደድሁ።

ሜቴን የተባለው ይህ ጋዝ በጠባዩ ረቂቅ ስለ ሆነ፣ በመኪና ለመጫን ወይ በ200 ባር ግፊት መታመቅ፣ ወይም ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ መሆን ግድ ይለዋል። የታመቀው በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን ሩብ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ በትንሽ አውቶሞቢል ላይ ከባዱ ሲሊንደር የዕቃውን ስፍራ ይወስዳል። ከዚህም በላይ፣ አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፣ በአየሩ ስስነት አስቀድሞ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣ ቱርቦ አልባ ሞተር፣ ጋዙ ደግሞ የአየሩን ቦታ ሲሻማው አንድ አሥረኛ ያህል ጨምሮ ይደክማል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ይህ ጸጋ የሚገባው፣ የአርሲን ስንዴና የቢራ ገብስ ጭኖ ወደ አዳማ ለሚወርደው፣ ማዳበሪያም ይዞ ዳገቱን ለሚወጣው ባለ ቱርቦ ከባድ መኪና ነው፤ እርሱ በታወቀ መንገድ ስለሚመላለስ ጥቂት ማደያዎች ይበቁታል፣ የናፍጣውም ጥላሸት ከመንደሩ ይርቃል። ለቤት አውቶሞቢልማ፣ በነዳጅ የሚሠራውን ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ተከለከለ፣ ኤሌክትሪኩ ይቀርባል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ሳይቃጠል የሚያመልጥ ሜቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ አብልጦ ምድርን ያሞቃልና መጋጠሚያዎቹ ዘወትር ይመርመሩ፤ እንደ ማብሰያው ጋዝ ወደ ወለል የሚወርድ ሳይሆን ሽቅብ የሚወጣ ነውና፣ ጋራዦችም ከጣራቸው ሥር መተንፈሻ ይክፈቱ።