በአደራ የተሰጠን የጎረቤት ውሻ



ከጥቂት ወራት በፊት ከአሜሪካ፣ ከሲያትል ከተማ ስልክ ተደወለልን። ደዋይዋ ቀደም ሲል ያስተማርናት ልጅ ነች። ዛሬ እዚያው ኮሌጅ ትማራለች፤ ከትምህርቷ ጎን ለጎን ክፍያዋን የምትሸፍንበት ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። በር ለበር የሚጎራበቷቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ለሁለት ሳምንት ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ነውና፣ ውሻቸውን በቀን ሁለት ጊዜ እያበላችና እያንሸራሸረች እንድትጠብቅላቸው ጠየቋት። ደህና ገንዘብም ይከፍላሉ። ነገር ግን ውሻው ያረጀ ነው፤ የስኳር በሽታ ስላለበት ጠዋትና ማታ የኢንሱሊን መርፌ ይወጋል፤ በሽታው በዓይኑ ላይ ሞራ ስለጣለበትም አያይም። የልጅቷ እናት ይህን ሲሰሙ "በነጃሳ ተለውሰሽ ያመጣሽው ብር ቤቴ አይገባም!" ብለው አምርረው ተቃወሙ። እርሷም በእናቷ ሐቅና በጎረቤቷ ልመና መካከል ተይዛ "ኡስታዝ፣ ምን ላድርግ?" አለችን።

እኛ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለንም። ስለዚህ ጊዜ ወስደን አንድ ያቀራን ሸይኽና አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጃችንን ጠየቅን። ጥያቄው የአንዲት ልጅ ብቻ አይደለም። ውሻ መጠበቅና ማንሸራሸር በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ወጣቶች የታወቀ የሥራ መስክ ሆኗል፤ ባለውሻንና ጠባቂን በስልክ የሚያገናኘው ሮቨር የተባለው ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እዚያው ሲያትል ውስጥ ነው። እዚህም አዲስ አበባ ውስጥ የቤተሰቡን ውሻ መመገብና ማውጣት የሥራቸው አካል የሆነ ሙስሊም ዘበኞችና የቤት ሠራተኞች አሉ።

እውነቱን ለመናገር አስተዳደጋችን ከውሻ ጋር አላወዳጀንም። እኛም ራሳችን በልጅነታችን ከቁርኣን ቤት ስንመለስ፣ ሉሓችንን በብብታችን ይዘን፣ ጥግ ላይ የተኛ ውሻ ካገኘን ድንጋይ ሳንወረውር አናልፍም ነበር። የሚከለክለን ትልቅ ሰው መኖሩን አናስታውስም። እንዲያውም ዲን የያዝን ይመስለን ነበር!

ሸይኻችን የነገሩን በመጀመሪያ ስለ ጦሃራ ነው። በሀገራችን በስፋት ከሚታወቁት መዝሀቦች ሻፊዒያ የውሻን መላ አካል ነጃሳ ይላል፤ በሐነፊያ ምራቁ ነጃሳ ሲሆን ፀጉሩ ግን አይደለም። ማሊኪያ ደግሞ ውሻውን ጦሃራ አድርጎ፣ ዕቃ የማጠቡን ትእዛዝ እንደ ዒባዳ ይመለከተዋል። በሻፊዒያ መሠረት የውሻ ምራቅ ወይም እርጥብ አካሉ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱ በአፈር ይታጠባል። ደረቅ ነገር ደረቅ ነገር ቢነካ ግን ነጃሳ አይተላለፍም። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብም አለ፤ ውሻ መንካት ዉዱእ አያፈርስም። የሚፈለገው የነካውን ቦታ ማጠብ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚለበስ ረጅም ካፖርትና ጫማ፣ የላስቲክ ጓንት፣ በባኞ ቤት ውስጥ በትንሽ ዕቃ የተቀመጠ ንጹሕ አፈር ይበቃል። ውሻው መንገድ ላይ ሲጸዳዳ ማንሳት ደግሞ በሲያትል ሕግ ግዴታ ነው፤ ይህም ቢሆን ጓንትና ድርብ ፌስታል ካለ ልብስ ሳይነካ ይከናወናል።

ቀጥሎ ስለ ክፍያው ጠየቅን። ውሻ ሸጦ ዋጋውን መብላት በሐዲስ የተከለከለ ስለሆነ ጥንቃቄያችን ከዚያ የመነጨ ነበር። ሸይኻችን ግን "ልጅቱ የምትቀበለው የውሻውን ዋጋ ሳይሆን የድካሟን ዋጋ ነው" አሉን። ያስጠነቀቁን ሌላ ነገር ነው። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ካልሆነ በስተቀር ውሻ ማኖር አጅር እንደሚቀንስ፣ ውሻ ያለበት ቤትም መላእክት እንደማይገቡ በሐዲስ ተነግሯል። ስለዚህ ውሻውን ወደ ራሷ ቤት አምጥታ እንዳታሳድር፣ እርሷ ወደ ጎረቤቷ ቤት እየሄደች አገልግላ እንድትመለስ፣ ሰላቷንም በቤቷ እንድትሰግድ መከሩ።

ከዚያም በሁላችንም ዘንድ የታወቁትን ሁለት ታሪኮች አነሱ። አንደኛው ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ በማጠጣቱ አላህ ይቅር ያለው ሰው ነው። ሁለተኛው በድመት ምክንያት እሳት የገባችው ሴት ነች። የኋለኛውን ስንሰማ ኖረን ልብ ያላልነውን ያን ቀን ልብ አልን። ሴትዮዋ ድመቷን መታት፣ ገደለቻት አልተባለም። ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፤ ራሷም ወጥታ እንዳትበላ አልለቀቀቻትም። በተዘጋ ቤት ያለ እንስሳ ምግቡ፣ ውኃው፣ ሽንቱ ሳይቀር ቁልፉን በያዘው ሰው እጅ ነው። ውሻ ጠባቂ ማለት ቁልፉን የያዘው ሰው ነው!

ወደ ሐኪሙ እንለፍ። የስኳር በሽታ ያለበት ውሻ መርፌውን አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ከምግብ ጋር ተያይዞ ይወስዳል። መጠኑን ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ መጨመርም መቀነስም አይፈቀድም። ብዙ ስለሚጠጣና ስለሚሸና ውኃው መጉደል፣ የሚወጣበት ሰዓትም መዘግየት የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን ካልበላ መርፌው አይወጋም፤ በቅድሚያ ሐኪሙ ይጠየቃል። ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ቢንገዳገድ ወይም ቢንቀጠቀጥ ድዱን ማር ቀብቶ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል።

ዓይኑ የማያይ ውሻ ቤቱን በልቡ ያውቀዋል። ስለዚህ ወንበርም ሆነ የውኃ ዕቃው ከቦታው አይነቃነቅም። ከመንካት በፊት በድምፅ መጥራት፣ መንገድ ላይ ገመዱን አሳጥሮ መያዝ፣ ደረጃ ሲደርስ ቆም ብሎ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል መናገር ይገባል። መስማት የተሳነው ደግሞ ከእንቅልፉ በድንገት ቢነካ ደንግጦ ሊነክስ ይችላል፤ ወለሉን በእግር መታ መታ አድርጎ ማንቃት ይሻላል። መኪና ስለማይሰማም ከገመድ አይፈታም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሲንፈራገጥ እጅን ወደ አፉ ማስገባት አደገኛ ነው፤ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ማራቅና ሰዓት መያዝ እንጂ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አጣዳፊ ሕክምና ያሻዋል። አፍንጫው የተደፈጠጠ ውሻ በሙቀት ቶሎ ስለሚታፈን በማለዳና ወደ ማታ ብቻ፣ ገመዱም ከአንገቱ ሳይሆን ከደረቱ ማሰሪያ ጋር ተያይዞ ይንሸራሸራል።

ለቤታችን ቅርብ የሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሽንኩርት፣ ዘቢብና ቸኮላት ለውሻ መርዝ ናቸው። ከኢፍጣር የተረፈች ሳምቡሳ ለማዘን ብለን ብንጥልለት ጎዳነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርናት፤ እናቷንም በስልክ አነጋገርናቸው። ጥቂት ካቅማሙ በኋላ "ካፖርቱ ሳሎን አይግባ እንጂ ይሁን" አሉ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ምግቡን ስታቀርብለት ውሻው አሽትቶ ፊቱን አዞረ። መርፌው ተዘጋጅቷል፤ እርሷም ፈተና አለባት። ምን እንደምታደርግ ግራ ሲገባት ወደ እናቷ ደወለች። እናቷ ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። "በልቷል?" አሉ። "አልበላም።" "ታዲያ እንዴት ይወጋል? እኔ ሳልበላ ስወጋ የሆንኩትን ረሳሽው?" አሏት። መርፌውን ትታ ለሐኪሙ ደወለች፤ አምጪው አላት። ለካ ጥርሱ ሥር መግል ይዞ ኖሯል። ፈተናው አመለጣት፤ መምህሩ በሌላ ቀን ፈተናት። በባዶ ሆዱ ወግታው ሄዳ ቢሆን ኖሮ ማታ ስትመለስ ሬሳ ልታገኝ ትችል ነበር።

እዚህ ሀገር ቤት ይህን ሥራ ለሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። በአሜሪካ አብዛኛው ክፍለ ሀገር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲወስድ በሕግ ያስገድዳል፤ እኛ ዘንድ ውሻው ተከትቧል ብሎ መገመት አይቻልም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የክትባት ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ፤ ይህ ድፍረት አይደለም። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ግዴታ ነው። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

ልጅቷ ባለፈው ሰሞን ደግማ ደውላልን ነበር። ጎረቤቷ ድጋሚ ሊሄዱ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ከዒድ ጋር ተገጣጥሟል። የጠዋቱ መርፌ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰላቱም ወደዚያው። ውሉን ከመቀበሏ በፊት ለጎረቤቷ በግልጽ ተናግራ፣ ያን ዕለት ጠዋት ብቻ ከሐኪሙ ቤት አንዲት ረዳት መጥታ እንድትወጋው፣ የዚያንም ቀን ሒሳብ ከእርሷ ክፍያ ላይ ቀንሰው ለረዳቷ እንዲሰጡ ተስማምተዋል። ለማታው ራሷ ትደርሳለች።