የሰፈሩ ትራንስፎርመር፦ ስድስት ጥቅል፣ አንድ ብረት

የመብራት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ሣጥን 15,000 ቮልት ተቀብሎ ለቤታችን 220 ቮልት ገደማ ያወርዳል። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ዘይት ውስጥ የተነከረ ብረትና የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ብረቱ ላይና ታች የተያያዙ ሦስት አምዶች አሉት። በየአምዱ የአንድ ፌዝ (ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች የአንዱ) ሁለት ጥቅል አለ፤ ብዙ ዙር ያለው የከፍተኛው ቮልቴጅ፣ ጥቂት ዙር ያለው የዝቅተኛው።

ብዙ ጊዜ ሦስት ትራንስፎርመር አንድ ላይ እንደታሸገ ተደርጎ ይታሰባል። ለፈጣን ስሌት ይበቃል፤ ዋናውን ነገር ግን ይደብቃል። አንዱ ጥቅል በአምዱ ውስጥ ያስነሣው መግነጢሳዊ ፍሰት ዞሮ መመለስ አለበት፤ መመለሻው ደግሞ ሌሎቹ አምዶች ናቸው። ከመካከለኛው የተነሣ ለግራና ለቀኝ እኩል ይከፈላል። ከዳር የተነሣው ግን ለቅርቡ ያደላል፤ ለሩቁ አምድ የሚደርሰው ያነሰ ነው። ስለዚህ አንዱ ፌዝ ላይ የሆነው ለሌሎቹም ይተርፋል።

በሽቦ አስተሳሰርም ይኸው ይታያል። ከፍተኛው በዴልታ (ሦስቱ ጥቅሎች ጫፍ ለጫፍ እንደ ሦስት ማዕዘን ተያይዘው)፣ ዝቅተኛው በስታር (የሦስቱም አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ) ከታሰረ፣ በአንድ ፌዝ ላይ ብቻ የተጣደ የእንጀራ ምጣድ ከከፍተኛው መስመር ሁለት ሽቦዎች ከረንት ይስባል።

መሐንዲሱ ይህን ሁሉ በስድስት እኩልታ ይጽፈዋል። የእያንዳንዱ ጥቅል ቮልቴጅ የሁለት ነገር ድምር ነው፦ በሽቦው መቋቋም የሚባክነው፣ እንዲሁም የራሱና የሌሎቹ አምስት ጥቅሎች ከረንት ሲለዋወጥ የሚያሳድርበት ተጽዕኖ። የተጽዕኖዎቹ መጠን ስድስት በስድስት፣ 36 ቁጥር ይሆናል። አንደኛው በሁለተኛው ላይ ያለው ተጽዕኖ ሁለተኛው በአንደኛው ላይ ካለው ጋር እኩል ስለሆነ 21 ብቻ ይቀራል። ጥቅሎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከተጠመጠሙ፣ በተለያየ አምድ ላይ ያሉትን የሚያገናኙት ቁጥሮች ኔጋቲቭ ናቸው፤ ፍሰቱ እዚያ የሚደርሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ነውና።

እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። በአንድ አምድ ላይ ያሉት ሁለት ጥቅሎች ቁጥሮች፣ የዙሩ ልዩነት ከተስተካከለ በኋላ፣ ሊለዩ እስከማይችሉ ይቀራረባሉ። ልዩነቱ ከብረቱ አምልጦ በጥቅሎቹ መካከል የሚያልፈው ጥቂት ፍሰት ነው። ቸል የሚባል ይመስላል። ነገር ግን በዝቅተኛው በኩል ሽቦዎች ተነካክተው ሾርት ሲፈጠር፣ ከረንቱን በዋናነት የሚገታው እሱ ነው። የትራንስፎርመሩ ታርጋ ላይ ኢምፔዳንስ (ከረንቱን የሚገታው ጠቅላላ መቋቋም) 4% ከተባለ፣ ሙሉ ቮልቴጅ እያለ የሾርቱ ከረንት ከመደበኛው 25 እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው። ቁጥሮቹን ያጠጋጋ ሰው ይህን ገደብ ከስሌቱ ያጠፋዋል። ስለዚህ መሐንዲሶች ከትልልቆቹ ቁጥሮች ቀንሰው አያገኙትም፤ በዝቅተኛው በኩል ያሉትን ሽቦዎች አገናኝተው በትንሽ ቮልቴጅ በመፈተን ለብቻው ይለኩታል።